ፕሩፍ ነው ወይስ የተወለወለ? ዘመናዊ የጀርመን ሳንቲሞችን መለየትና ዋጋ ማውጣት

ፍራንክፈርት የምትኖር አንዲት እህታችን ባለፈው ዓመት የጫማ ካርቶን ይዛ ቤቴ መጣች። ለዓመታት አስቤዛ ትገዛላቸው የነበሩ ጀርመናዊት ጎረቤቷ ሲያርፉ ለእሷ ትተውላት ነው። ካርቶኑ ውስጥ 34 የመታሰቢያ ሳንቲሞች አሉ። ግማሾቹ በፕላስቲክ ሽፋን ታሽገዋል፤ ግማሾቹ በጋዜጣ ተጠቅልለዋል። "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ምን ያወጣል?" አለችኝ።

መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ አንዱን ሳንቲም አንዱ ሻጭ በርካሽ፣ ሌላው በሦስት እጥፍ ይለጥፈዋል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ብዙ ጊዜ "ፕሩፍ" የምትለዋ ቃል ናት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እንደ እሷ ካርቶን ለደረሳቸው፣ ወይም ገንዘባቸውን አውጥተው ሊገዙ ላሰቡ ሰዎች ነው። "ብር" ስል ማዕድኑን ማለቴ መሆኑንም ያዙልኝ፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፕሩፍ የአሠራር ስም ነው

ብዙ ሰው ፕሩፍን "በጣም ንጹህ ሳንቲም" አድርጎ ያስበዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ፕሩፍ ሳንቲሙ የተሠራበት መንገድ እንጂ የንጽሕናው ደረጃ አይደለም። የተጫረ ፕሩፍ ያው ፕሩፍ ነው፤ ዋጋው ግን ወርዷል። የሚያብረቀርቅ ተራ ሳንቲምም ያው ተራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የማተሚያው ብረት መስታወት እስኪመስል ይወለወላል። የሚታተመው ክብ ብረትም ይወለወላል። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በከባድ ኃይል ይመታል፣ አንድ በአንድም በጥንቃቄ ይነሳል። ተራው ግን አንዴ ተመትቶ ከሌሎቹ ጋር እየተጋጨ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል።

የጀርመን መንግሥት ፕሩፉን "ሽፒግልግላንትስ" ይለዋል። የመስታወት ብልጭታ እንደማለት ነው። ነጋዴዎቹ "ፖሊርቴ ፕላተ" ይሉና በሁለት ፒ ያሳጥሩታል። ያልተነካው ተራ ደግሞ "ሽቴምፕልግላንትስ" ነው። ማስታወቂያ ስታነቡ ሁለት ፒ ካለ በኋላ "ቤሩርት" የሚል ቃል ከተከተለ "የተነካ" ማለት ነው። ያቺ አንዲት ቃል ዋጋውን በደንብ ታወርደዋለች፤ አትለፏት።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁት

እኔ አንድን ሳንቲም ከሌላው ሳወዳድር አምስት ነገር እጠይቃለሁ። ፕሩፍነቱ በዓይን ወይም በሚዛን ይረጋገጣል ወይ? ውስጡ ያለው ብረት ምንድን ነው? ስንት ታተመ? ገጹ ተነክቷል ወይ? ነገ ብሸጠው የሚገዛኝ ማነው? አምስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በፊት አስቀምጠው ነበር።

በመብራት ስር መለየት

አንድ የጠረጴዛ መብራትና ጋዜጣ ይበቃችኋል። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ያዙት፤ ጣት ገጹን አይንካው። ጋዜጣው ላይ አቁሙትና ባዶውን ሜዳ፣ ማለትም ምስልና ጽሑፍ የሌለበትን ቦታ፣ ተመልከቱ። ፕሩፍ ከሆነ የጋዜጣው ፊደል ተገልብጦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተራ ከሆነ ግራጫ ጥላ ብቻ ነው የምታዩት።

ቀጥሎ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ተራው ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ መንኮራኩር እየዞረ ይሽከረከራል። ፕሩፉ ላይ ግን ሜዳው በአንድ ጊዜ ጥቁር ይሆናል፣ በአንድ ጊዜ ይበራል። ከፍ ብሎ የወጣው ምስል ደግሞ ውርጭ እንዳረፈበት ነጣ ብሎ ይቀራል። ይህ የጥቁርና የነጭ ልዩነት በቅርብ ጊዜ ሳንቲሞች ላይ በጣም ግልጽ ነው። በ1950ዎቹ ፕሩፎች ላይ ግን እንደዛሬው አትጠብቁት። እዚያ የፊደሎቹን ጠርዝ ማየት ይሻላል። ፕሩፍ ላይ ፊደሉ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፣ የሳንቲሙ ጠርዝም ቀጥ ያለ ማዕዘን አለው።

አሁን የተወለወለው። በመጀመሪያው ዓመቴ ካሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ባለ 10 ማርክ (ማርክ ከዩሮ በፊት የነበረው የጀርመን ገንዘብ ነው) "ፕሩፍ ነው" ተብዬ ገዛሁ። እንደ መስታወት ያበራል። ቤት ገብቼ በማጉያ ሳየው ፀጉር የመሰሉ ጭረቶች በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ሜዳውን አቋርጠው በፊደሎቹ አናት ላይ ያልፋሉ። የፊደሎቹም ጠርዝ ሳሙና ላይ እንደተቀረጸ ሟሙቷል። ሰውዬው ተራ ሳንቲም በጨርቅና በቅባት ወልውሎ ነው የሸጠኝ። ከዚያ ወዲህ ብልጭታን አላምንም። ጠርዝን ነው የማምነው።

አያቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ የማርያ ቴሬዛን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር ይባላል። ሥሯ ያሉት ሁለት ፊደላት የጉንስቡርግ ማተሚያ ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው፤ ጉንስቡርግም ዛሬ ባቫሪያ፣ ጀርመን ውስጥ ነው። ያ የአያቶቻችን ዓይን ነው እዚህም የሚያስፈልገው።

ሳንቲሙ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል የታተመበትን ከተማ ትነግራችኋለች። ኤ በርሊን፣ ዲ ሙኒክ፣ ኤፍ ሽቱትጋርት፣ ጂ ካርልስሩኸ፣ ጄ ሃምቡርግ። ፊደሏ ፕሩፍ መሆኑን አታሳይም። አንዳንድ ሻጭ "የሃምቡርጉ ስለሆነ ውድ ነው" ሲላችሁ ስንት እንደታተመ ጠይቁት።

አማራጭ አንድ፦ የመጀመሪያዎቹ አምስት ባለ 5 ማርኮች

የምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያዎቹ አምስት የመታሰቢያ ሳንቲሞች ናቸው። በ1952 የኑረንበርጉ ጀርመናዊ ቤተ መዘክር፣ በ1955 ሺለርና የባደኑ ሉድቪግ ቪልሄልም፣ በ1957 አይሸንዶርፍ፣ በ1964 ፊሽተ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ እያንዳንዳቸው 200,000 ገደማ ታትመዋል፤ ፊሽተ 500,000። ከዚህ ውስጥ ፕሩፎቹ በጣም ጥቂት ናቸው። የቤተ መዘክሩ 1,240፣ የሺለሩ 1,217፣ የባደኑና የአይሸንዶርፉ 2,000፣ የፊሽተው 5,000።

እዚህ ፕሩፍነት እውነተኛ ገንዘብ ነው። ተራው ራሱ ካለበት ብር ብዙ እጥፍ ያወጣል። ፕሩፉ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ለዚያም ነው ሐሰተኛው የበዛው። ሚዛን ላይ 11.2 ግራም መሆን አለበት፣ ስፋቱ 29 ሚሊሜትር። በጎኑ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍም ተመልከቱ። የሺለሩ ጎን ላይ "አንድ ሁኑ፣ አንድ፣ አንድ" የሚል ጥሪ በጀርመንኛ ተጽፏል። ጽሑፉ ደብዘዝ ወይም ዘመም ካለ አትክፈሉ።

የኔ ምክር ግልጽ ነው። ከእነዚህ አንዱን "ፕሩፍ" ተብሎ የምትገዙ ከሆነ እንደ ኤንጂሲ ወይም ፒሲጂኤስ ባለ መርማሪ ድርጅት ታሽጎ ቁጥር የተሰጠውን ብቻ ግዙ። ቁጥሩን ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ፎቶው ከእጃችሁ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ። የማሸጊያው ሳጥን ራሱ ይጭበረበራልና።

አማራጭ ሁለት፦ ባለ 10 ማርክ፣ 1972 እና ከ1987 እስከ 2001

ለጀማሪ ከሁሉ የምወደው ይሄ ነው። መጀመሪያ የወጡት ለሙኒክ ኦሎምፒክ ነው፤ ስድስት ዓይነት። የመጀመሪያው ላይ "በዶይችላንድ" ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጨዋታው የሚሰጠው ለከተማ እንጂ ለአገር አይደለም የሚል ተቃውሞ ከምሥራቁ ወገን ሲነሳ "በሙኒክ" ተብሎ ተቀየረ። ሁለቱም ስለታተሙ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ደስ ይላል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ ያመጡበት ኦሎምፒክ ነው።

እስከ 1997 ያሉት 15.5 ግራም ይመዝናሉ፤ ከ1,000 ውስጥ 625 ብር ናቸው። ንጹህ ብሩ 9.69 ግራም ነው። ከ1998 እስከ 2001 ያሉት ክብደታቸው ያው ሆኖ ብሩ ወደ 925 ከፍ ይላል፤ ንጹሁ 14.34 ግራም ይሆናል። ሁለቱን ቡድን በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ካገኛችሁ የኋለኛውን ውሰዱ።

ፕሩፉና ተራው በክብደት አይለያዩም። መብራቱ ነው የሚፈርደው። እነዚህ በብዛት ስለታተሙ ፕሩፉ ከተራው ብዙም አይበልጥም፤ አብዛኛው ዋጋ ብሩ ነው። ስለዚህ "ብርቅዬ" ተብሎ ሲጠራባችሁ አትደንግጡ።

ከ1979 እስከ 1986 በነበሩት ባለ 5 ማርክ መታሰቢያዎች ላይ ግን ተጠንቀቁ። በ1979 የብር ዋጋ ሲሰቀል፣ ከኦቶ ሃን መታሰቢያ ጀምሮ ኒኬል በመሃሉ ያለው መዳብ ኒኬል ሆኑ። 10 ግራም ይመዝናሉ፣ ማግኔትም ይስባቸዋል። ፕሩፋቸው ያምራል፤ ብር ግን የለበትም።

አማራጭ ሦስት፦ ባለ 10 እና ባለ 20 ዩሮ

ከ2002 እስከ 2010 ያለው ባለ 10 ዩሮ ቀላል ነው። ፕሩፉም ተራውም 925 ብር፣ 18 ግራም። ንጹህ ብሩ 16.65 ግራም።

ከ2011 እስከ 2015 ያለው ግን ወጥመድም ዕድልም ነው። ብር ሲወደድ መንግሥት ተራውን መዳብ ኒኬል አደረገው፤ 14 ግራም። ፕሩፉን በብር አስቀረው፤ 625 ብር፣ 16 ግራም፣ ንጹሁ ልክ 10 ግራም። ስፋታቸው አንድ ነው፤ 32.5 ሚሊሜትር። ምስላቸውም አንድ ነው። በዓይን የሚታለል ሰው የመዳብ ኒኬሉን በብር ዋጋ ይገዛል። የወጥ ቤት ሚዛን ግን አይታለልም። በእነዚህ አምስት ዓመታት ፕሩፍ ማለት ሌላ ብረት ማለት ነው። መላው የዩሮ ዘመን ውስጥ ፕሩፉን ፈልጉ ብዬ አጥብቄ የምናገረው ለእነዚህ ነው።

ከ2016 ጀምሮ ባለ 20 ዩሮ መጣ። ሁለቱም ዓይነት እንደገና 925 ብር፣ 18 ግራም ሆኑ።

እነዚህ የመታሰቢያ ሳንቲሞች ሕጋዊ ገንዘብ የሚሆኑት ጀርመን ውስጥ ብቻ ነው። ፓሪስ ወይም ሮም ያለ ባለ ሱቅ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ዋሽንግተን ወይም አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጀርመን የሚሄድ ዘመድ ካላገኘ አይጠቅመውም።

አማራጭ አራት፦ የዓመቱ ሙሉ ስብስብ በፕሩፍ

መሠረቱ ከ1 ሴንት እስከ 2 ዩሮ ያሉት መደበኛዎቹ ስምንቱ ናቸው። በስምንቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ቢደመር 3.88 ዩሮ ነው። ማራኪ ማሸጊያ አላቸው፣ ልጅ በተወለደበት ዓመት ለስጦታ ይሆናሉ። ብር የለባቸውም። አብዛኛው ስብስብ ሲሸጥ የተገዛበትን አይመልስም። ይህን የምላችሁ ሁለት ሰዎች ጡረታ ይሆነናል ብለው ሲያጠራቅሙት ስላየሁ ነው።

የ2 ዩሮ መታሰቢያዎች በፕሩፍ የሚገኙት በስብስብ መልክ ነው። አንዳንዱ ስብስቡን ሰብሮ ለብቻ ይሸጣቸዋል። ያለ ማሸጊያ የመጣ ባለ 2 ዩሮ "ፕሩፍ" ካያችሁ የጋዜጣውን ፈተና ሳታደርጉ አትቀበሉ።

አማራጭ አምስት፦ ባለ 5 ዩሮ ከፕላስቲክ ቀለበት ጋር

በ2016 በሰማያዊ ቀለበቱ "ፕላኔት ምድር" ተብሎ ጀመረ። ብርሃን ሲያልፍበት ያምራል። በአምስቱም ማተሚያዎች፣ በፕሩፍም በተራም ወጥቷል። ብረቱ መዳብ ኒኬል ስለሆነ ዋጋውን የሚወስነው የሰብሳቢው ፍላጎት ብቻ ነው። ወደዳችሁት? ግዙት። ለትርፍ ከሆነ አልመክርም።

ስለ ወርቁ አንድ ቃል። ባለ 100 ዩሮ ወርቅ 15.55 ግራም ነው፤ ሲወጣም በሽቴምፕልግላንትስ ነው። "የወርቅ ፕሩፍ" ብሎ ጭማሪ የሚጠይቅ ሻጭ ካለ ጭማሪውን አትስጡት።

ባጭሩ

| አማራጭ | ክብደት | ንጹህ ብር | ፕሩፉ የሚለየው | የፕሩፉ ጭማሪ |
|---|---|---|---|---|
| 5 ማርክ፣ 1952–1964 | 11.2 ግራም | 7 ግራም | በባለሙያ ምርመራ | በጣም ትልቅ |
| 5 ማርክ፣ 1979–1986 | 10 ግራም | የለም | በመብራት | ትንሽ |
| 10 ማርክ፣ 1972 እና 1987–1997 | 15.5 ግራም | 9.69 ግራም | በመብራት | ትንሽ |
| 10 ማርክ፣ 1998–2001 | 15.5 ግራም | 14.34 ግራም | በመብራት | ትንሽ |
| 10 ዩሮ፣ 2002–2010 | 18 ግራም | 16.65 ግራም | በመብራት | ትንሽ |
| 10 ዩሮ ፕሩፍ፣ 2011–2015 | 16 ግራም (ተራው 14) | 10 ግራም (ተራው የለም) | በሚዛን | ብሩ ራሱ |
| 20 ዩሮ፣ ከ2016 ጀምሮ | 18 ግራም | 16.65 ግራም | በመብራት | ትንሽ |
| የዓመት ስብስብ | – | የለም | በማሸጊያውና በመብራት | እንደ ዓመቱ |

ዋጋው እንዴት ይወጣል?

ሁለት ወለል አለ። አንደኛው የብሩ ዋጋ ነው፤ ንጹህ ብሩን በዕለቱ የግራም ዋጋ አባዙት። ሁለተኛው በላዩ የተጻፈው ዋጋ ነው። ቡንደስባንክ፣ ማለትም የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ፣ ማርክን ያለ ጊዜ ገደብ በዩሮ ይቀይራል፤ 1 ዩሮ በ1.95583 ማርክ። ስለዚህ 10 ማርክ 5.11 ዩሮ ነው። ከሁለቱ የሚበልጠው ወለላችሁ ነው። ከዚያ በታች አትሽጡ።

ለስሌት እንዲመች የብር ግራም 1 ዩሮ ነው እንበል። የ1987 ባለ 10 ማርክ ብሩ 9.69 ዩሮ ያወጣል፤ ወለሉ ብሩ ነው። የ2005 ባለ 10 ዩሮ ብሩ 16.65 ይሆናል፤ ወለሉ ያው ብሩ ነው። የ2012 ፕሩፍ ብሩም ጽሑፉም 10 ዩሮ ላይ ይገናኛሉ። የ2012 ተራው ደግሞ ብር ስለሌለው ወለሉ የተጻፈው 10 ዩሮ ብቻ ነው። የዛሬውን ዋጋ ስታስገቡ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ከወለሉ በላይ የሚጨመረው በብዛቱ፣ በገጹ ንጽሕናና በማሸጊያው ነው። ጭማሪውን ለማወቅ ሻጮች የጠየቁትን አትዩ። የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። ስትፈልጉ የሳንቲሙን የዬገር ቁጥር፣ ማለትም በጀርመን ሳንቲሞች ካታሎግ ውስጥ ያለውን መለያ፣ ተጠቀሙ፤ ጀርመኖች ሁሉንም ሳንቲም በዚያ ነው የሚጠሩት። የቤተ መዘክሩ ባለ 5 ማርክ ለምሳሌ 388 ነው። ከዚያም ነጋዴ "አንካውፍ" ብሎ የሚለጥፈውን፣ ማለትም እሱ ከእናንተ የሚገዛበትን፣ አነጻጽሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ስትሸጡ የምታጡት ነው።

ገጹን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። አትጥረጉት። በጨርቅ፣ በሶፍት፣ በጥርስ ሳሙና፣ በምንም። አንድ ጊዜ የተጠረገ ፕሩፍ ላይ የሚቀረው ጭረት አይመለስም። ለስላሳና የሚሸት የፒቪሲ ፕላስቲክ ውስጥ ካለም አውጡት፤ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ቅባት ያወጣል። ክብ ጠንካራ ካፕሱል ርካሽ ነው። ማሸጊያው ያልተከፈተ ከሆነ ግን እንዳለ ይቆይ።

ለማን የትኛው?

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነና መማር ከፈለጋችሁ ከ1998 እስከ 2001 ካሉት ባለ 10 ማርኮች አንድ ፕሩፍና አንድ ተራ ግዙ። ጎን ለጎን መብራት ስር አስቀምጧቸው። ዓይናችሁ በአንድ ምሽት ይሠለጥናል።

ብሩን ለማጠራቀም ከሆነ ፕሩፍ አትፈልጉ። የ925 ብር ተራዎቹን በብር ዋጋ ግዙ፤ ለፕሩፉ የምትጨምሩት ሲሸጥ አይመለስም። ለስጦታ ከሆነ የልደት ዓመቱን ስብስብ ውሰዱ፣ ትርፉን እርሱት። ከ2011 እስከ 2015 ያሉትን ስትገዙ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። በርከት ያለ ገንዘብ ያለው ሰው ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱን በምርመራ የታሸገ ይግዛ። ካልቻለ ጥሩ ተራ ሺለር ከአጠራጣሪ "ፕሩፍ" ሺለር በብዙ ይሻላል።

የእህታችን ካርቶን ውስጥ አንድ የ1964 ፊሽተ ነበር። ሁለታችንም ልባችን መታ። ጋዜጣው ላይ አቆምኩት፤ ፊደሉ አልታየም። ተራ ነው። ሰባት ባለ 10 ማርኮች ፕሩፍ ሆነው ተገኙ። ሁለት ባለ 10 ዩሮዎች ሚዛኑ ላይ 16 ግራም አሉ፣ አራት ደግሞ 14። አራቱን ቡንደስባንክ ወስዳ 40 ዩሮ አደረገቻቸው። ብሮቹን በብር ዋጋ ሸጠች፤ ፊሽተውን ለጊዜው አቆየችው።

"በዶይችላንድ" የሚለውን የኦሎምፒክ ሳንቲም ግን አልሸጥም አለች። አባቷ የማሞን ሩጫ በሬዲዮ የተከታተሉ ሰው ናቸው። ካፕሱል ገዛንለት። ለገና ይዛላቸው ልትሄድ ሻንጣዋ ውስጥ ካልሲ መሃል አስቀምጣዋለች።